ምዕራፍ ስድስት፦ ሐምሌን የሚሻገር መብራት

ከዋናው የኤሌክትሪክ መሥመር ጋር ያልተገናኘ ቤት፣ በጉና ተራራ ሥር የተሠራ የገበሬ ቤትም ይሁን በአውሮፓ ጎዳናዎች ላይ በመኪና የሚጎተተው ካራቫን፣ መብራት የሚያገኝበት ሥርዓት በአራት ክፍሎች የቆመ ነው፤ እነዚህም ኃይል የሚያመነጨው፣ የተመረተውን የሚያጠራቅመው፣ በሁለቱ መካከል ሆኖ የሚቆጣጠረውና ኃይሉን ወደ አምፖሉና ወደ ሌላው ዕቃ የሚያደርሰው ናቸው። ገዢው ብዙውን ጊዜ የሚከራከረው ጣሪያ ላይ ስለሚወጣውና ለዓይን ስለሚሞላው ስለ መጀመሪያው ክፍል፣ ማለትም ስለ ፓነሉ ቢሆንም፣ ሥርዓቱ ለዓመታት ማገልገሉን ወይም በሁለተኛው ክረምት መክሸፉን የሚወስነው ግን ባትሪው ነው፤ ባትሪውን የሚፈትነው ደግሞ የጥር ፀሐይ ሳይሆን የሐምሌ ጭጋግ ነው። ይህ ምዕራፍ የሥርዓቱን አሠራር ከደብረ ታቦርና ከገሳይ ዙሪያ ደጋ ጋር እያገናዘበ ያስረዳል።

ደብረ ታቦር ከባሕር ወለል በላይ 2,700 ሜትር ገደማ ላይ የተቀመጠች ስትሆን፣ ከእርሷ ወደ ነፋስ መውጫ በሚወስደው መንገድ ላይ የምትገኘው ገሳይ በስተደቡቧ የጉና ተራራ ይታያታል፤ የተራራው ጫፍ ከ4,000 ሜትር በላይ ነው። ይህ አካባቢ ከታላላቅ የኃይል ማመንጫዎች የራቀ አይደለም፤ ከጣና ማዶ 460 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው የጣና በለስ ጣቢያ በ2002 ዓ.ም. ተመርቋል፣ 5,150 ሜጋዋት የማመንጨት አቅም ያለው ታላቁ የኢትዮጵያ ሕዳሴ ግድብም ጳጉሜ 4 ቀን 2017 ዓ.ም. ተመርቋል። ሆኖም ከፍተኛ ኃይል የተሸከመ መሥመር በአንድ ቀበሌ ሰማይ ላይ ማለፉ ብቻውን ለቀበሌው መብራት አይሆንም፤ ኃይሉ በማከፋፈያ ጣቢያ ወርዶ፣ በመካከለኛ መሥመር ተጉዞ፣ በትራንስፎርመር ወደ 220 ቮልት ዝቅ ብሎ፣ ከዚያም በምሰሶ ላይ በተዘረጋ ገመድ እያንዳንዱ ደጃፍ መድረስ አለበት፣ ቤቶቹ በየሸንተረሩ ተበታትነው በሚገኙበት ደጋ ደግሞ ለአንድ ቤት ሲባል የሚተከለው ምሰሶና የሚዘረጋው ገመድ ቤቱ ለዓመታት ከሚከፍለው የቆጣሪ ሒሳብ በብዙ ሊበልጥ ይችላል። እ.ኤ.አ. በ2019 የተሻሻለው ብሔራዊ የኤሌክትሪፊኬሽን ፕሮግራም እ.ኤ.አ. በ2025 ከአገሪቱ ሕዝብ 65 በመቶው ከዋናው መሥመር፣ ቀሪው 35 በመቶ ከመሥመሩ ውጭ ባሉ ዘዴዎች መብራት እንዲያገኝ ማቀዱ ይህን ሒሳብ ከመቀበል የመጣ ነበር።

ከመሥመር ውጭ ያለው የገጠር ቤት የሚጠቀምበት ዕቃ ከካራቫን ጋር የቅርብ ዝምድና አለው። ካራቫን ለመዝናኛ ጉዞ መሠራት የጀመረው በ19ኛው መቶ ዘመን መጨረሻ፣ በፈረስ በሚጎተትበት ጊዜ ነው፤ በመኪና መጎተት ከጀመረ በኋላ ግን መብራቱንም ከመኪናው ባትሪ ስለወሰደ፣ መኪኖች ከ1950ዎቹ እ.ኤ.አ. ወዲህ የተስማሙበት 12 ቮልት የእርሱም መለኪያ ሆኖ ቀረ። ለቤት የሚሸጡት የፀሐይ ኃይል ዕቃዎችም፣ ባትሪው፣ መቆጣጠሪያው፣ አምፖሉና ትንሿ ቴሌቪዥን ጭምር፣ በአብዛኛው በዚሁ በ12 ቮልት የሚሠሩ ናቸው። በሁለቱ መካከል ያለው ልዩነት ግን ቀላል አይደለም። ካራቫኑ ባትሪው ሲደክም በሚጎትተው መኪና ሞተር ሊሞላ፣ ማታ በሚያድርበት ሥፍራ ካለ ሶኬት ሊሰካ፣ ካልሆነም ፀሐይ ወዳለበት አገር ሊሄድ ይችላል። የገሳይ ቤት ከቆመበት አይንቀሳቀስም፤ ደመናው እስኪገለጥ የሚጠብቀው ባጠራቀመው ብቻ ስለሆነ፣ ሒሳቡ ከካራቫኑ ይልቅ ጥብቅ መሆን ይኖርበታል።

ከመነሻው፣ ብርሃን ኤሌክትሪክን ሊያስገኝ እንደሚችል የተገነዘበው ፈረንሳዊው ኤድሞንድ ቤክሬል እ.ኤ.አ. በ1839 ሲሆን፣ ለሥራ የሚበቃ የሲሊከን ሴል የተሠራው ግን ከመቶ ዓመት በላይ ቆይቶ፣ እ.ኤ.አ. በ1954 በአሜሪካ በቤል ላቦራቶሪ ነው። ሴል ማለት በሁለት ወገኑ የተለያየ ባዕድ ንጥረ ነገር በጥቂቱ የተጨመረበት ስስ የሲሊከን ገበታ ሲሆን፣ ብርሃን ሲያርፍበት በውስጡ ያሉት ኤሌክትሮኖች ከቦታቸው ተነቅለው ወደ አንድ አቅጣጫ እንዲሄዱ ስለሚገደዱ ኮረንት ይፈጠራል። አንዱ ሴል ብቻውን የሚሰጠው 0.6 ቮልት ገደማ ስለሆነ፣ ባለ 12 ቮልት ባትሪ ለመሙላት በተለመደው አሠራር 36 ሴሎች ተከታትለው ይያያዛሉ፤ እንዲህ ያለው ፓነል በሥራ ላይ 18 ቮልት አካባቢ ይሰጣል። ትርፉ የባከነ አይደለም፤ ባትሪ እንዲሞላ ከራሱ ቮልቴጅ ከፍ ያለ ግፊት ያስፈልገዋል፣ በሙቀትና በደመና የሚቀነሰውም ከዚሁ ትርፍ ላይ ነው።

በፓነሉ ጀርባ የሚጻፈው ዋት የሚለካው በአንድ ካሬ ሜትር 1,000 ዋት ብርሃን ሲያርፍና ሴሉ 25 ዲግሪ ሴልሺየስ ሲሆን ነው። ሴሉ ከዚያ በላይ በሞቀ ቁጥር በእያንዳንዱ ዲግሪ ከኃይሉ 0.4 በመቶ ያህል ያጣል፤ ስለዚህ ሴሉ 65 ዲግሪ ከሚደርስበት ከመተማ ቆላ ይልቅ 45 ዲግሪ ላይ በሚቆይበት ደጋ ያው ፓነል ወደ 8 በመቶ የሚጠጋ ብልጫ ይኖረዋል። ፓነሉን ከቆርቆሮው ጋር ከማጣበቅ ይልቅ ነፋስ የሚያልፍበት ክፍተት ትቶ ማሰር የሚጠቅመውም ለዚህ ነው። የተጻፈው ዋት ግን ሁልጊዜ እውነት አይደለም። በገበያ ላይ የሚገኙት ደኅና ፓነሎች ከካሬ ሜትር የሚያወጡት ከ180 እስከ 220 ዋት ስለሆነ፣ 100 ዋት ተብሎ የሚሸጥ ፓነል ስፋቱ ከግማሽ ካሬ ሜትር ብዙ ካነሰ፣ ጽሑፉ ምንም ይበል፣ 100 ዋት ሊሰጥ አይችልም፤ ሜትር ይዞ ወደ ሱቅ መግባት የማያሳፍር ብልህነት ነው።

ደብረ ታቦር ከምድር ወገብ በስተሰሜን 12 ዲግሪ ገደማ ላይ ስለምትገኝ፣ ፀሐይ በዓመት ሁለት ጊዜ፣ በሚያዝያ አጋማሽና በነሐሴ አጋማሽ፣ እኩለ ቀን ላይ በቀጥታ በአናት ላይ ትውላለች፤ በእነዚህ መካከል ባሉት ወራት በስተሰሜን፣ በቀሪው የዓመቱ ክፍል በስተደቡብ ታልፋለች። በመሆኑም ፓነሉ ወደ ደቡብ ከ10 እስከ 15 ዲግሪ ቢያዘነብል ይበቃዋል፣ ይህ ማዘንበል ዝናብ አቧራውን አጥቦት እንዲወርድም ይረዳል። ውድማ በሚወቃበት ወራት ግን ዝናብ ስለሌለ ገለባና ብናኝ በእርጥብ ጨርቅ መጠረግ አለበት። ከአቧራው የሚከፋው ጥላ ነው። ሴሎቹ ተከታትለው የተያያዙ በመሆናቸው፣ አንዱ ሲጋረድ የእርሱ ድካም ለተከታዮቹም ይተርፋል፤ ባይፓስ ዳዮድ የሚባሉት ክፍሎች ጉዳቱን ቢቀንሱም፣ በፓነሉ አንድ ጥግ ላይ ያረፈ የቅርንጫፍ ጥላ ከምርቱ ግማሹን ሊወስድ ይችላል። በጎንደር ደጋ ቤቱን ከብቦ የሚተከለው ባሕር ዛፍ ፓነሉ በተሰቀለበት ዓመት ቁመቱ ከጣሪያው በታች ሆኖ ሳለ ጥቂት ዓመታት ቆይቶ በልጦት ስለሚገኝ፣ ብዙ ጊዜ «ሶላሩ ደከመ» የሚባለው ዛፉ ስላደገ ነው።

ከፓነሉ የሚመጣው ኃይል በቀጥታ ወደ ባትሪው አይገባም፤ በመካከል መቆጣጠሪያ ወይም ቻርጅ ኮንትሮለር የሚባል ትንሽ ሣጥን አለ። ተግባሩ ባትሪው ሲጎድል የተገኘውን ሁሉ ማሳለፍ፣ ባለ እርሳሱ ባትሪ 14.4 ቮልት አካባቢ ሲደርስ ኮረንቱን ቀስ በቀስ መቀነስ፣ ከሞላም በኋላ በ13.6 ቮልት ገደማ ሙላቱን እንዲጠብቅ ማድረግ ነው፤ ማታም ኃይሉ ተመልሶ ወደ ፓነሉ እንዳይፈስ ይዘጋል፣ ባትሪው ከሚገባው በታች ሲወርድ ደግሞ መብራቱን ይቆርጣል። ተጠቃሚውን የሚያበሳጨው ይህ የመጨረሻው ሥራው በመሆኑ፣ መቆጣጠሪያውን አልፎ ገመዱን በቀጥታ ከባትሪው ጋር የሚያያይዝ ሰው አይጠፋም፤ ለአንድ ሌሊት ቴሌቪዥን ሲባል ባትሪ የሚገደለው እንዲህ ነው። ርካሹ ዓይነት መቆጣጠሪያ ፓነሉን በባትሪው ቮልቴጅ እንዲሠራ ስለሚያስገድደው የቮልቴጁን ትርፍ ያባክናል፤ ኤምፒፒቲ የሚባለው ውድ ዓይነት ግን ያን ትርፍ ወደ ኮረንት ስለሚለውጠው፣ በተለይ በቀዝቃዛ ማለዳ፣ ከዚያው ፓነል የበለጠ ያገኛል። ለ50 ዋት ፓነል የዋጋውን ልዩነት መክፈል አያዋጣም፤ ፓነሉ ከፍ ሲል ግን ያዋጣል።

ባትሪው ሰፋ ያለ ማብራሪያ ይገባዋል። ፈረንሳዊው ጋስቶን ፕላንቴ እ.ኤ.አ. በ1859 የሠራው የእርሳስና የሰልፈሪክ አሲድ ባትሪ በመሠረቱ እስካሁን ያው ነው፤ ስድስት ክፍሎች እያንዳንዳቸው 2 ቮልት ገደማ እየሰጡ 12 ቮልት ይሆናሉ። ኃይል ሲወጣ የእርሳሱ ገበታዎች ከአሲዱ ጋር ተዋሕደው ሊድ ሰልፌት የሚባል ውሑድ ይለብሳሉ፣ ኃይል ሲገባ ይህ ልባስ ተመልሶ ይሟሟል። ባትሪው ጎድሎ ለሳምንታት ከተቀመጠ ግን ልባሱ ወደ ጠንካራ ቅንጣት ስለሚለወጥ ከዚያ በኋላ ምንም ያህል ፀሐይ ቢወጣ አይሟሟም፣ የተሸፈነው የገበታ ክፍልም እንደሌለ ይቆጠራል። በዚህ ምክንያት 100 አምፔር ሰዓት የሚል ጽሑፍ ያለበት ባለ እርሳስ ባትሪ በየዕለቱ ሊወጣበት የሚገባው እስከ 50 አምፔር ሰዓት ብቻ ነው፤ የቀረው ግማሽ፣ ደገኛ የቱንም ያህል ቢቸገር እንደማይነካው የዘር እህል፣ ለከርሞ የሚቀመጥ ነው። አምፔር ሰዓት ማለት የኮረንቱ መጠን በሚቆይበት ሰዓት ሲባዛ የሚገኘው ልክ ሲሆን፣ አምራቾች የሚጽፉት ባትሪው በ20 ሰዓት ውስጥ ቀስ ብሎ ሲያወጣ የተለካውን ነው፤ 5 አምፔር ለ20 ሰዓት የሚሰጥ ባትሪ 50 አምፔር ቢጠየቅ ሁለት ሰዓት አይቆይም። ባትሪው ለጥቂት ሰዓታት ሳይሠራ ካረፈ በኋላ በመለኪያ ሲታይ 12.7 ቮልት ሙሉ፣ 12.2 አካባቢ ግማሽ፣ ከ12 በታች ደግሞ አደጋ ላይ ነው።

ከአሮጌ መኪና የተነሣ ባትሪ ለቤት መግዛት የተለመደ ቢሆንም የሚመከር አይደለም። የመኪና ባትሪ የተሠራው ሞተር ለማስነሣት ለጥቂት ሴኮንዶች ብዙ ኮረንት እንዲሰጥ ነው፤ ገበታዎቹ ስስና ብዙ ስለሆኑ በየሌሊቱ እስከ ግማሽ ሲራገፉ በአጭር ጊዜ ይፈርሳሉ። ለቤትም ለካራቫንም የሚሠራው ባለ ወፍራም ገበታ ባትሪ ክብደቱ ብቻውን ልዩነቱን ይናገራል። ሊቲየም አይረን ፎስፌት የሚባለው አዲሱ ዓይነት ከያዘው 80 በመቶ ወይም ከዚያ በላይ ቢወጣበት አይጎዳም፣ በሺዎች ለሚቆጠሩ ጊዜያት ይሞላል፣ ይራገፋል፣ ጎድሎ መቆየቱም እንደ እርሳሱ አይገድለውም፤ ለክረምት አገር የተሻለ የሚያደርገው ይህ የመጨረሻው ጠባዩ ነው። ነውሩ ከዜሮ ዲግሪ በታች ኃይል እንዲገባበት አለመፈለጉ ነው። ውርጭ በሚወርድበት በኅዳርና በታኅሣሥ ሌሊት ከቤት ውጭ በሣጥን የተቀመጠ ባትሪ ማለዳ ፀሐይ ስትመታው ቀዝቅዞ ሊሆን ስለሚችል፣ ቤት ውስጥ ማኖር ይሻላል።

የሚያስፈልገው መጠን የሚታወቀው በሒሳብ ነው፤ ዋት አንድ ዕቃ በአንድ ቅጽበት የሚፈልገው ኃይል ሲሆን፣ ዋት ሰዓት ደግሞ በቆይታ የሚበላው ነው። ባለ 3 ዋት አራት አምፖሎች ለ5 ሰዓት ቢበሩ 60 ዋት ሰዓት፣ በዲሲ፣ ማለትም በአንድ አቅጣጫ ብቻ በሚፈስ ኮረንት የምትሠራ ባለ 20 ዋት ቴሌቪዥን ለ3 ሰዓት 60፣ ሁለት ስልኮች 30፣ ሬዲዮ 15 ቢወስዱ ድምሩ በቀን 165 ዋት ሰዓት ይሆናል። የኢትዮጵያ አማካይ የፀሐይ ብርሃን በካሬ ሜትር በቀን 5.2 ኪሎዋት ሰዓት ገደማ ሲሆን፣ በየካቲትና በመጋቢት ወደ 5.5 ከፍ ይላል፣ በሐምሌ ወደ 4.5 ይወርዳል፤ ቁጥሩ 5.5 በሆነበት ቀን ባለ 50 ዋት ፓነል በየደረጃው የሚባክነው 30 በመቶ ተቀንሶለት 190 ዋት ሰዓት ያህል ስለሚሰጥ ቤቱ ምንም አይጎድልበትም። ሻጩ የሚያሳየው ይህን ቀን ነው። ይሁን እንጂ የሐምሌው 4.5 ቆላውንና ምሥራቁን የጨመረ የአገር አማካይ ነው፤ ጉና በጭጋግ ተሸፍኖ በሚውልበት ቀን 2.5 ብቻ ቢገኝ ያው ፓነል የሚሰጠው 87 ዋት ሰዓት ገደማ፣ ማለትም የሚፈለገውን ግማሽ ያህል ነው። እንዲህ ያሉ ቀናት ሲከታተሉ ባለ 60 አምፔር ሰዓት የእርሳስ ባትሪ በአምስተኛው ቀን ከግማሽ በታች ይወርዳል፣ ቤተሰቡ ፍጆታውን ካልቀነሰም እስከ መስከረም ሙሉ ሆኖ አያድርም። የገበታው ልባስ የሚደርቀው በእነዚህ ሳምንታት ስለሆነ፣ በጥቅምት ሰማዩ ሲገለጥ ባትሪው አይመለስም፤ ባለቤቱም ጥፋቱን በዕቃው ላይ ይጥላል። ፓነሉ 100 ዋት ቢሆን ኖሮ በዚያው በክፉው ቀን 175 ዋት ሰዓት ያስገኝ ነበር። ባትሪ ከመቀየር ይልቅ ፓነል መጨመር የሚረክሰው፣ ፓነል ሃያ ዓመትና ከዚያ በላይ ሲያገለግል ባለ እርሳሱ ባትሪ በጥሩ አያያዝም ጥቂት ዓመታት ብቻ ስለሚቆይ ነው።

ኃይሉን የሚያደርሰው ገመድ በ12 ቮልት ሥርዓት ከሚታሰበው በላይ ወሳኝ ነው። ያው 60 ዋት በ220 ቮልት 0.3 አምፔር እንኳ የማይሞላ ሲሆን፣ በ12 ቮልት 5 አምፔር ይሆናል፤ በገመድ ላይ የሚባክነው ቮልቴጅ ደግሞ ከአምፔሩ ጋር አብሮ ያድጋል። 1.5 ካሬ ሚሊ ሜትር ውፍረት ያለው የመዳብ ገመድ 10 ሜትር ርቆ 5 አምፔር ሲያደርስ፣ የመሄጃውና የመመለሻው ተደምሮ፣ ከአንድ ቮልት በላይ ይበላል፣ ይህም ከ12ቱ አንድ አሥረኛው ገደማ ነው። አምፖሉ የሚፈዝዘውና ቴሌቪዥኑ እየጠፋ የሚመለሰው ብዙ ጊዜ በዚህ ስለሆነ፣ ባትሪውን ከሚጠቀሙት ዕቃዎች ማራቅ አይገባም። የ220 ቮልት ዕቃ ለመጠቀም የሚያስፈልገው ኢንቨርተር የባትሪውን ዲሲ አቅጣጫው በሴኮንድ 50 ዙር ወደሚመላለሰው ኤሲ የሚቀይር መሣሪያ ሲሆን፣ ከሚያሳልፈው ኃይል 10 በመቶ ወይም የበለጠ ይቆርጣል፤ ምንም ሳይሰካበት ተከፍቶ ቢያድር እንኳ ከ5 እስከ 10 ዋት ሊበላ ይችላል። ይህ በ24 ሰዓት ከ120 እስከ 240 ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ቤቱ በሙሉ በቀን ከሚፈጀው ጋር ይስተካከላል።

ከመሥመር ውጭ ያለ ሥርዓት የማይችለውን ማወቅም ከአሠራሩ ዕውቀት አይለይም። የኤሌክትሪክ ምጣድ ከ3,000 እስከ 4,000 ዋት ይፈልጋል፤ 3,500 ዋት ከ12 ቮልት ባትሪ ለማውጣት ወደ 300 አምፔር ያስፈልጋል። 100 አምፔር ሰዓት ያለው የእርሳስ ባትሪ ሳይጎዳ የሚሰጠው 600 ዋት ሰዓት ስለሆነ፣ ሒሳቡ ብቻ ሲታይ ምጣዱን ለ10 ደቂቃ ያህል ያግላል፣ ያም ለማሟሸት እንኳ አይበቃም። የካራቫን ሠሪዎች ምግብ ማብሰያውን ለጋዝ የተዉት በዚሁ ምክንያት ነው፤ በደጋው ቤት ደግሞ እንጀራው አሁንም በማገዶና በኩበት ይጋገራል፣ ሶላሩም ከምድጃው ጭስ አያድንም። የሚያድነው ከኩራዙ ነው።

ኩራዝና ምድጃ ባለበት ቤት ባትሪ ማኖር የራሱ ጥንቃቄ አለው። የእርሳስ ባትሪ ሲሞላ በቀላሉ የሚቀጣጠል የሃይድሮጅን ጋዝ ስለሚያወጣ፣ አየር በሚያገኝ ቦታ፣ ከእሳትና ከልጆች ርቆ መቀመጥ አለበት፤ ክዳኑ የሚከፈተው ዓይነት ሲጎድል የሚጨመርበት የተጣራ የባትሪ ውሃ ብቻ እንጂ የምንጭ ውሃ አይደለም። ከባትሪው በሚወጣው ገመድ ላይ፣ በተቻለ መጠን ለባትሪው ቀርቦ፣ ፊውዝ መግባት አለበት። 12 ቮልት ሰውን ባይገድልም፣ ሁለቱ የባትሪ ጫፎች በብረት ቢገናኙ የሚፈስሰው በመቶዎች የሚቆጠር አምፔር ገመዱን አግሎ የሣር ቤትን ለማቃጠል ይበቃል።

እነዚህ ሁሉ ከባድ ዕውቀቶች አይደሉም፣ በአጠገብ የሚያውቅ ሰው መኖርን ግን ይጠይቃሉ። በሰሜን ሸዋ በምትገኘው ሬማ መንደር ቤቶቹን በትናንሽ የፀሐይ ኃይል ዕቃዎች ያበራው ሶላር ኢነርጂ ፋውንዴሽን ከዕቃው ጋር የባለሙያ ማሠልጠኛም እዚያው ማቋቋሙ፣ እ.ኤ.አ. በ2009 ላገኘው የአሽደን ሽልማት ካበቁት ሥራዎቹ አንዱ ነው። በጤና ኬላዎች ክትባትን ከ2 እስከ 8 ዲግሪ ጠብቀው ለማቆየት ከገቡት የፀሐይ ማቀዝቀዣዎች መካከል ያለ ባትሪ የሚሠሩ መኖራቸው ደግሞ ችግሩን በሌላ መንገድ የፈታ ነው፤ ፀሐይ ስትወጣ በረዶ እየሠሩ ለሌሊቱና ለደመናው ቀን ቅዝቃዜን እንጂ ኤሌክትሪክን ስለማያጠራቅሙ፣ የሚሞት ባትሪ የላቸውም።

በቤት ውስጥ ያለው ባትሪ ግን አንድ ቀን መሞቱ አይቀርም፣ የሞተውም ባትሪ በውስጡ በኪሎ የሚቆጠር እርሳስና የሚያቃጥል አሲድ እንደያዘ ነው። እርሳስ በተለይ የሕፃናትን አእምሮ የሚጎዳ መርዝ ስለሆነ፣ አሲዱ በጓሮ መደፋት፣ ገበታውም ለክብደት ወይም ለሌላ ሥራ ሲባል በቤት ውስጥ መቅለጥ የለበትም፤ አሮጌው ሳይከፈት፣ አሲዱ ሳይፈስ፣ አዲሱ ወደተገዛበት ሱቅ ወይም ወደ ባትሪ ሰብሳቢ ይመለስ።